የሚቆየው ባትሪ

ዛሬ መብራት ተመልሶ ስልኬን ስሰካ የጋለ ቻርጀር ሽታ አፍንጫዬን መታው። አባቴ ታወሰኝ።

አባቴ እዚሁ ጋምቤላ የፊዚክስ መምህር ነበር። ከፎም ትንሽ ጀልባ ሠርቶልኝ፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባሮ ዳር በሪሞት እንነዳት ነበር። አንድ ቀን ለሪሞቷ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ልንገዛ ገበያ ወጣን። ሙቀቱ ያፍናል፤ አባቴ ግን ሹራብ ለብሷል።

ባለ ሱቁ ኦጁሉ ሁለት ዓይነት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

"መምህር፣ ይሄ ጉልበት አለው። ብዙ ሰዓት ይሠራል።"

"ሳይነካ ቢቀመጥስ?"

"ሲቀመጥማ በራሱ ያልቃል። ያኛው ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ግን ዓመትም ይቆያል።"

አባቴ የሚቆየውን አነሳ።

"አባዬ፣ እኛ እኮ በየሳምንቱ ነው የምንጫወተው!" አልኩት ተናድጄ።

"ይሁን፤ እነዚህ ይጠብቁሻል" አለኝ። ኦጁሉ አንገቱን ደፋ።

ቤት ገብተን ቻርጀሩ ላይ ሰካቸው፤ ክፍሉ የጋለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሲሞሉ በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። በሳምንቱ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደ። የተመለሰው አስከሬኑ ነው።

ሪሞቷን እንደገና የነካኋት በሙት ዓመቱ ማግስት ነበር። ባትሪዎቹን አስገብቼ ስከፍታት አረንጓዴዋ መብራት ቦግ አለች። ደንግጬ ላጠፋት ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ተያት፣ ትብራ።"

ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ደክማ እስክትጠፋ ድረስ አየናት።

ባትሪዎቹ አሁን ዝገዋል። እናቴ ግን ዛሬም ከሪሞቷ እንዳወጣቸው አትፈቅድልኝም።