ስልኩ ያላወቀው ፊላ

ትምህርት ቤት የገባሁት ለወላጆች ስብሰባ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ በጨለለቅቱ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ሁሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ከዲላ መጣ። ጫማው እንዳይረጥብ አስፋልቱ ላይ ቆሞ በወንዙ ዳር ረግረግ የበቀለውን ረጅም ተክል በስልኩ ፎቶ አነሳና፣ «ስልኩ መጤ አረም ነው ይላል፤ ይነቀላል» ብሎ ፈረደ። ከዚያው እያጨደች ምንጣፍ የምትሠራው ጎረቤቴ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ እንጀራዬን ሊነቅሉብኝ ነው!» አለችኝ።

ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁና አንዱን ቆርጬ ወጣሁ።

«ልጄ፣ ስልክህ እጅ የለውም፤ አንተ ዳስሰው። ደንገል ቢሆን አገዳው ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ይሄ ክብ ነው። ቅጠሉ ረጅምና ጠፍጣፋ፣ ራሱ እንደ በቆሎ ቆረቆንዳ ሆኖ ቡናማ። ፊላ ነው። እናቴ የወለደችኝ በእሱ ምንጣፍ ላይ ነው፤ እሱ መጤ ከሆነ እኔም መጤ ነኝ።»

«አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

የፊላውን ራስ ፈርክሼ አሳየሁት። ጥጥ የመሰለው ዘር ጥቁር ኮቱን አነጣለት።

ረግረጉ ተረፈ። ሪፖርቱ «በባለሙያ ተጣርቶ አገር በቀል ፊላ መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። የባለሙያውን ማንነት መጻፍ ረስተዋል፤ ጎረቤቴ ግን ስለምታውቀው አዲስ ምንጣፍ ሠርታለታለች። አሁን የተቀመጥኩት እሱ ላይ ነው።