ከአስካለ አንቴና የተቀጠለው ሽቦ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ኤልያስ ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ከተማ ከሚገኘው ቤታችን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ሲያስተካክል ዋለ። እኔ ከታች ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ «መጣ!»፣ «ሄደ!» እያልኩ የመጮህ ሥራ ተሰጠኝ። ሥዕሉ ረግቶ ሲቆም ወረደና ከዲሹ ሁለት ገመድ ሳበ። አንዱን ወደ እኔ ሳሎን፣ ሌላውን ከግቢው ጥግ አስካለ ወደምትኖርባት ክፍል አስገባ። በሁለቱም ቤት የየራሱን ሪሲቨር አስቀመጠ።

«አንዱ ሲጠራ ሌላው አይደበዝዝም?» አልኩት።

«አይ እማ፣ ያ ድሮ ቀረ። አንቺ ቅዳሴ ብትከፍቺ እሷ ዜና ትከፍታለች። አትነካኩም።»

አትነካኩም አለኝ። እሱ ገና አልተወለደም ነበር፤ እኔና አስካለ በአንድ ሽቦ ስንነካካ የት አይቶ!

ዘመኑ የደርግ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ተድሬ ጎንደር ከተማ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም፤ የመጀመሪያ ልጄን አጠባለሁ። ባለቤቴ አበራ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ድሮ የአንድ ባለጸጋ ሰፊ ቤት ነበር፤ መሀሉን በሳንቃ ከፍለው ግማሹን ለእኛ፣ ግማሹን ለአስካለ ሰጡ። ሳንቃ ምን ይደብቃል? ከወዲያ ማዶ ስታስነጥስ «ይማርሽ» እላታለሁ፣ እሷም ከዚያው ሆና «ያኑርሽ» ትለኛለች።

አስካለ ጥቂት ዓመት ስለምትበልጠኝ «እታለም» ነበር የምላት። ባሏ ተሾመ የወታደር ማኪና ነጂ ነው። ወደ ሰሜን ከመዝመቱ በፊት ከአስመራ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አመጣላት፤ አንቴናውን ከረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ አስሮ፣ በእሷ በኩል ተክሎላት ሄደ። ልጅ አልነበራቸውም።

ከዚያ በፊት የግቢው ሴቶች ጥጥና እንዝርታቸውን ይዘው ማምሻውን የሚሰበሰቡት እኔ ደጅ ነበር። ደጄ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ የማታዋ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይቀዘቅዝም። አባቴ ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ በሚልክልኝ ገብስ ቆሎ እቆላለሁ። ፈትሌ ቀጭን ነው ይባል ስለነበር፣ ነጠላ የምታሠራ ሁሉ ድሯን ከእኔ ድር ጋር ታስተያያለች። ከገጠር ለመጣች ልጅ ይህ እንደ ሹመት ነው። ቴሌቪዥኑ መጣና ከሹመቴ ሻረኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እንዝርታቸውን እንደያዙ ወደ አስካለ ደጅ ዞሩ። ከቆሎዬ ጋር እኔና ልጄ ቀረን፤ ልጄ ደግሞ ጥርስ አላወጣችም።

ሴቶቹስ ይሂዱ። አበራም ሄደ።

«ዜናውን አይቼ ልምጣ» ብሎ ይወጣል። ከዜናው በኋላ ድራማ ይመጣል፣ ከድራማው በኋላ ዘፈን። እሱ ዝምተኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ቢደሰት ፈገግ ይላል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ሆዱን ይዞ ሲስቅ መጀመሪያ የሰማሁት በሳንቃው በኩል ነው። ልጄን አቅፌ ከሥዕለ ማርያም ፊት ቆሜ ነበር። ውዳሴዬን አፌ ይደግመዋል፤ ጆሮዬ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ያን ሳቅ ለእኔ ለምን አልሰጠኝም? እያልኩ እንደ ውሻ በተዘጋ በር ዙሪያ ስዞር አመሻለሁ።

አስካለ ከወዲያ ትጣራለች።

«የሺ! ነይ እንጂ! ምነው፣ አኮረፍሽ እንዴ?»

«ልጅቱን ላስተኛ ነው፣ እታለም።»

«ኧረ እዚህ ትተኛለች፤ አምጫት!»

አልሄድኩም። የቀና ሰው የተከፈተ በር ቢያይም የተዘጋ ይመስለዋል።

አበራን ቴሌቪዥን ግዛ አላልኩትም፤ አፌ ለመለመን አልተፈጠረም። ነገር ግን እራት ሳቀርብ ወጡን እንዴት እንደማስቀምጠው አይቶ ሳይገባው አልቀረም። በክረምቱ መሀል፣ አዘዞ የሚኖር የሥራ ባልደረባው ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ዕቃውን ሲሸጥ፣ አሮጌ ቴሌቪዥኑን ገዛው። በዝናብ፣ በአውቶቡስ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እኔ በፈተልኩት ጋቢ ጠቅልሎ አመጣው። ራሱ በስብሶ ቴሌቪዥኑ ደረቅ ነበር። ያን ቀን ድፍን ግቢው ከእኔ ደጅ ቆመ፤ እኔም ጭቃ ይዞ የገባውን ሰው ሁሉ ጫማ አላየሁበትም።

በማግስቱ ምሰሶ ተከልን። አበራና አንድ ጓደኛው አንቴናውን ይዘው ወደ ደቡብ ያዞሩታል። የቀበሌው ዘበኛ አያ ፈንታሁን ዱላቸውን ተደግፈው ያያሉ።

«ወዴት ነው የምታዞሩት፣ ልጆች?»

«ወደ አዲስ አበባ ነዋ፣ አያ ፈንታሁን! ሥዕሉ የሚመጣው ከዚያ አይደለም?»

«የአስካለ ግን ወደ ተራራው ነው የሚያይ።»

«ተሾመ ቸኩሎ ስቶት ነው» አለ የአበራ ጓደኛ፤ ከልቡ አዝኖለት።

«ስቶም ያሳያል። እናንተ ሳትስቱ ዱቄት ትነፋላችሁ» አሉ አያ ፈንታሁን። እውነትም የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ከነጭ ዱቄት በቀር የሚታይ አልነበረም።

ለካ ሥዕሉ ከአዲስ አበባ መጥቶ መጀመሪያ የሚያርፈው ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ላይ ከተተከለው ማማ ነው፤ ለእኛ የሚያድለን እሱ ነው። በዚያ ወራት ስንት ቤት ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አድርጎ ዱቄት ሲነፋ እንደከረመ እግዚአብሔር ይወቀው። እኛም አንቴናውን ወደ ተራራው አዞርን። ግን በእኛ በኩል የባሕር ዛፍ ረድፍ ተራራውን ይከልለዋል። ድምፅ መጣ፣ ሥዕል ቀረ።

«ደግ ነው፣ ሬዲዮ ገዛችሁ» አሉ አያ ፈንታሁን።

አስካለ በሯ ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም።

«ምነው ከእኔ አትቀጥሉም? አንድ ምሰሶ ለሁለት ቤት አይበቃም?» አለች።

ደሜ ፈላ። ባሌን በግድግዳ ወስዳ አሁን ደግሞ በሽቦ ልታኖረኝ! «ኧረ እታለም፣ ሰው አናስቸግርም» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ አበራ በእሷ በኩል መሰላል አቁሟል። ከእሷ ሽቦ ላይ ሌላ ጠመዘዘበት፣ መጋጠሚያውን በላስቲክ ጠቀለለው፣ ከእኛ መስኮት አጠገብ ካለ ምስማር ላይ አንጠለጠለው። ወዲያው ሰው ታየ። ክራባት ያሰረ ሰው፣ ከእኔ ቤት፣ ከእኔ መደብ ፊት ለፊት!

ሴቶቹ ተመለሱ። እንዝርቱ ተመለሰ፣ ቆሎው ማለቅ ጀመረ። ቆጡ ላይ ያለችውን ሥዕለ ማርያም ቀና ብዬ አይቼ «ተመስገን» አልኩ። እግዚአብሔር እንደዚያ ያለውን ምስጋና እንዴት እንደሚቀበለው አላውቅም። አስካለ ዘንድ ጸጥ አለ። ከወዲያ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቴሌቪዥኗን በመዳፏ ስትመታው። ሽቦው ለሁለት ሲካፈል ጉልበቱ አንሶ ኖሯል። የእኛ ጠርቶ ሲቆም የእሷ ይንቀጠቀጣል።

አሁን ሁሉም ተመለሰልኝ ስል፣ የዜናው ሙዚቃ ሲጀምር አበራ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ወዴት ነው?»

«አስካለ ዘንድ ዜና አይቼ ልምጣ።»

«ዜናው እዚህ የለም?»

«እዚያ ይሻላል።»

እዚያ ይሻላል! ዱቄት የሚነፋበት ቤት! ሴቶቹ እንዝርታቸውን እያሾሩ ዝም አሉ፤ የሰፈር ሴት ዝም ስትል ምን እያለች እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በማግስቱም ሄደ። በሳልስቱም። አልተጨቃጨቅኩም። ልቤ ግን ልጄን ታቅፎ አምባ ጊዮርጊስ ደርሶ ይመለስ ነበር፤ አባቴ ቤት ገብቼ ምን ብዬ እንደማስረዳ ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ። ቴሌቪዥን ስለሚያይ ፈታሁት ይባላል?

አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የዜናው ሙዚቃ እንዳለፈ ሳንቃው ተንኳኳ።

«የሺ! የሺዬ! ሽቦውን ለዜናው ብቻ ንቀይልኝ፣ በእመቤታችን!»

እንዲህ ባለ ድምፅ ጠርታኝ አታውቅም። ልጄን ለሴቶቹ ሰጥቼ ወጣሁ። ወደ ምስማሩ አልሄድኩም፤ ምን እንደሚሠሩ ልይ ብዬ በሯን ገፋሁት።

አስካለ መሬት ላይ ተንበርክካለች፤ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አበራ በቀኟ በኩል ተቀምጧል። ሥዕሉ ላይ ወታደሮች በማኪና ተጭነው ያልፋሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይጠፋሉ።

«ይሄኛው? አበራ፣ ትከሻውን እየው፣ ትከሻውን!»

«አይደለም፣ አስካለ። ተሾመ ይረዝማል።»

«ከኋላ ያለውስ? ወይኔ፣ ሄደ!»

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ዜናው ወደ ሌላ ሲያልፍ አስካለ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እኔን ስታይ ደነገጠች። አበራ እጄን ይዞ አወጣኝ። ጣሪያው ሥር፣ ውኃው እየተንጠባጠበብን ነገረኝ፤ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ከተሾመ የተሰማ የለም።

«ምነው ለእኔ አልነገርከኝ?»

«ማልኩላት። ባሌ ጠፋ እያለች ታወራለች ከተባለ፣ ከድቷል ብለው የሚያመጡባትን ታውቂያለሽ። ቤቱ ሰው በሞላበት ጊዜ እንኳ በዓይኗ ብቻ ነው የምትጠይቀኝ። ስታለቅስ እንዳያዩዋት ጮክ ብዬ እስቃለሁ።»

ያ ሳቅ! ለካ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋላት ነው።

ምስማሩ ጋ ሄጄ መጋጠሚያውን ፈታሁ። ከወዲያ የአስካለ ቴሌቪዥን ድምፁ ጠራ፤ የእኔ ቤት ሴቶች «ኧረ ጠፋብን!» አሉ። «እታለም ዘንድ ይታያል፣ ተነሡ» አልኳቸውና ቆሎውን ይዤ ከፊት ሄድኩ። ከዚያ ማታ ጀምሮ የዜናው ሙዚቃ ሲሰማ ወጥቼ ሽቦውን እለያለሁ፤ ዜናው ሲያልቅ መልሼ አገናኛለሁ። ሥራዬ ሆነ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ሁለቱ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ለብቻቸው ይዘው መክረማቸው፣ እኔ በግድግዳ ወዲህ መቅረቴ ያንገበግበኝ ነበር። ሰው በሌላው ኀዘን ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ በጠራበት ወራት፣ ምስማሩ ዘንድ ቆሜ ሽቦውን ስለይ አስካለ ከውስጥ ጮኸች።

«እሱ ነው! በማርያም እሱ ነው!»

ሮጬ ስገባ ሥዕሉ አልፏል። ከማኪና ደረጃ ላይ ቆሞ ቆቡን የሚያስተካክል ሰው ነበር አለች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ምን እንዳገኙ ሳያውቁ። ቤት ስንገባ አበራን ጠየቅኩት።

«እሱ ነበር?»

«አላውቅም፣ የሺ። ደብዛዛ ነበር።»

ሽቦውን ገና ለይቼ አልጨረስኩም ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ ከሰሜን በዛሪማ መንገድ በእግሩ እየተጎተተ ወደ ጎንደር ወረደ። አስካለ ከመንገዱ ዳር እንስራ ውኃ አስቀምጣ የሚያልፈውን ሁሉ አጠጣች፤ እያንዳንዱን ቀና ብሎ እስኪጠጣ ድረስ አየችው። ተሾመ አልመጣም።

አበራ ካረፈ ቆይቷል። አዘዞ ቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበረው፤ በየወሩ ባረፈበት ቀን ሄጄ ሻማ አበራለታለሁ፣ መቃብሩን እዳስሳለሁ። የቀበሌው ቤት ሲፈርስ አስካለን «ነይ ከእኔ ጋር» ያልኳት እኔ ነኝ። ያኔ የቀናሁባት ሴት ሻማ የምታበራበት ቦታ የላትም። እኔ አለኝ። ተመስገን።

ቅዳሜ ማታ ኤልያስ ገና ዕቃውን ሳይሰበስብ የዜናው ሙዚቃ ጀመረ። ነጠላዬን ይዤ ተነሣሁ።

«ወዴት ነው፣ እማ?»

«ሽቦውን…» ብዬ አቆምኩ። የሚለይ ሽቦ የለም።

ያም ሆኖ ወደ አስካለ ክፍል ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ ተቀምጣለች። ዘንድሮም ከዜና በቀር ሌላ አታይም። የሰዉ ፊት፣ የሸሚዙ ክር ሳይቀር ይታያል።

«የሺዬ፣ አየሽ እንዴት እንደጠራ?» አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል። «ያን ጊዜ እንዲህ ጠርቶ ቢሆን…»

በርጩማ ስቤ በቀኟ በኩል፣ አበራ ይቀመጥበት በነበረው በኩል፣ ተቀመጥኩ።