የእንግሊዝኛና የኮሪያ ዘፈን በሙሉዓለም ቤት

ሙሉዓለም ሀዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሙዚቃ ቤት ከከፈተ ጀምሮ ጎረቤቱ ነኝ። እሱ ዘፈን ይሸጣል፣ እኔ ከግድግዳው ማዶ ልብስ እሰፋለሁ። መጀመሪያ በካሴት፣ ቀጥሎ በሲዲ፣ አሁን ደግሞ ተማሪዎች በሚያመጡለት ፍላሽ ላይ እየጫነ ኑሮውን የገፋ ሰው ነው። ጆሮዬን ያደነቆረው እሱ ነው፤ ቢሆንም ሀዋሳ ውስጥ ከእሱ የተሻለ ወዳጅ አላፈራሁም።

እንግሊዝኛን የተማረው ከዘፈን ነው። የፈረንጅ ካሴት እያስቆመ፣ ወደ ኋላ እየመለሰ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ግጥሙን ቃል በቃል ይፈታው ነበር። ደንበኛ ዘፈን ሲገዛ ትርጉሙን ሳይነግረው አይሸኘውም። "ቃሉ ካልገባህ ዘፈኑን አልሰማኸውም" ይላል። ሱሪ ሊለካ እኔ ዘንድ የመጣ ሰው ሁሉ የአንድ ፈረንጅ የፍቅር ጣጣ ሰምቶ ሲመለስ ማየት ሰልችቶኝ ነበር።

ልጁ ሄራን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በኮሪያ ዘፈን ተለከፈች። ፀጉራቸውን ሮዝና ሰማያዊ የተቀቡ ወጣቶች እኩል ሲጨፍሩ የሚታዩበትን ስልኳን ፊቱ ላይ ትደቅንበታለች።

"አንዱን ዘፈን ለሰባት ተቃርጠውት የማንን ልብ ነው የምሰማው?" ይላታል። "ፈረንጁ ብቻውን ቆሞ የራሱን ችግር ይነግርሻል። ድምፁ ቢሰነጠቅም አያፍርበትም።"

"የእኔዎቹ ደግሞ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል፣ አባዬ። ብቻውን የሚቀር የለም።"

"ልምምድ ነው እንጂ ልብ የለውም። እግራቸው እንኳ አይሳሳትም።"

"ላለመሳሳት ስንት ዓመት እንደሚለፉ ብታውቅ።"

ዳኛዋ ምሕረት ነበረች፤ የሙሉዓለም ሚስት፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት። ሁለቱንም ተራ በተራ ታዳምጥና እንደ ተማሪ ፈተና ውጤት ትሰጣቸዋለች፤ ለባሏ ለግጥሙ፣ ለልጇ ለዜማው። ሁለቱም ይግባኝ ይላሉ። ሳቃቸው እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

ምሕረት ባለፈው ክረምት አረፈች። ሕመሟ አጭር ነበር፤ ቤተሰቡ ነገሩ ሳይገባው ነው የቀበራት። በእኛ ዘንድ ሐዘን የገባበት ቤት ሙዚቃ አይከፈትም፤ አንዳንዱ እስከ አርባ፣ አንዳንዱ እስከ ሙት ዓመት። ሙሉዓለም እስከ ሙት ዓመቷ አለ። ከአርባዋ በኋላ ሱቁን ሲከፍት ድምፅ ማጉያውን ነቅሎ ነበር፤ ዘፈን የሚጭነው ስሙን በዓይኑ አንብቦ ብቻ ሆነ። ግድግዳዬ ዝም አለ። ዝምታው ይህን ያህል ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም።

አንድ ቅዳሜ ለምሳ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሄራን ጓሮ ቁጭ ብላ የእናቷን ነጠላ ስታጥብ፣ ስልኳ ደግሞ አጠገቧ የኮሪያ ዘፈን ሲያሰማ አገኛት። እሷም አብራ ታንጎራጉራለች። "የእናትሽ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ" አለና ስልኩን አንስቶ አጠፋው። በማግሥቱ ልብሷን ሸክፋ ዶርም ገባች። ትምህርቷን ስትጨርስም ቤት ሳትመለስ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ እንደምትሄድ በጓደኛዋ በኩል ላከችበት።

ሙሉዓለም ምግብ አልበላ አለው። ሚስቱን ቀብሮ ልጁንም በቁሟ ሊያጣት ነበር፤ እሱ ግን ወይ አይሄድ፣ ወይ አይደውል። ስለዚህ እኔ ሽማግሌ ሆንኩና እሑድ በባጃጅ ሄጄ ወደ ቤታቸው አመጣኋት። ከአባቷ ርቃ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ አባትሽን ይቅርታ ጠይቂውና ይብቃ" አልኳት።

"እጠይቃለሁ፣ ጋሽ ወርቁ። ግን እርስዎም አባዬም ደስ ብሎኝ የከፈትኩት መስሏችኋል። አባዬ የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል እያስረዳኝ ነው ያሳደገኝ። ካፌ ብገባ፣ ባጃጅ ውስጥ ብቀመጥ፣ አንዱ ዘፈን ትተሽኝ ሄድሽ ይላል፣ አንዱ ብቻዬን ቀረሁ ይላል። ሁሉም ይገባኛል። ኮሪያኛው ግን አይገባኝም። ድሮ ትርጉሙን ከስልኬ እፈልግ ነበር፤ እማዬ ካረፈች ወዲህ ትቻለሁ። እነሱ ሲዘፍኑ ሰው አብሮኝ ያለ ይመስለኛል፣ ስለ እሷ ግን አያወሩም። ነጠላዋን ያለዚያ ማጠብ አቃተኝ።"

ሙሉዓለም እሷን ማየት ከብዶት ወደ እኔ ዞረ።

"ድምፅ ማጉያውን የነቀልኩት ለወጉ መስሎሃል፣ ወርቁ" አለኝ። "ለሰው ሁሉ ወግ ነው አልኩ። አርባዋ በወጣ ማግሥት አንዱን ዘፈን ከፍቼ ነበር፤ ገና መጀመሪያው ስንኝ ላይ አጠፋሁት። ያን ሁሉ ዓመት ለሰው ስተረጉመው የኖርኩት ነገር የራሴ ሆኖ ጠበቀኝ።"

ከዚያ ወደ ልጁ ተመለሰ። "አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። እስቲ ያንን ዘፈን ክፈቺው።"

ሄራን እኔን አየችኝ። ሙት ዓመቱ ገና ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሸዋዬ ልብስ ያሰጣሉ። ስለ ወግ ሲነሳ በሰፈሩ ቀድሞ አፉን የሚከፍተው እኔ ነኝ። "ክፈቺው" አልኳት።

ወጣቶቹ እየተቀባበሉ ይዘፍኑ ጀመር። ሙሉዓለም አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም። ሄራን ከበሩ ተነስታ ጎኑ ተቀመጠች።

ዘፈኑ ሲጋመስ "ምን እያሉ ነው?" አላት።

"አላውቅም፣ አባዬ። ልፈልግልህ?" ብላ ስልኩን አነሳች።

እጇን ያዘ። "ተዪው" አላት። "አትንገሪኝ።"