በመተማ ማሞቂያ የገዛው አናጢ

ውባንተ ማሞቂያ ሊያስገባ ነው ሲባል መተማ ዮሐንስ በሳቅ ፈነዳች። «ሰውዬው አበደ እንዴ? እኛ እዚህ ጥላ ፍለጋ እንሞታለን፣ እሱ ሙቀት ሊገዛ!» አሉ። ውባንተ ግን አላበደም። አናጢ ነው። ከቤቱ ጓሮ ሁለት የጭነት መኪና የሚያቆም የቆርቆሮ አዳራሽ ሠርቶ አልጋና ቁም ሳጥን ያመርታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የቆላው አየር እንደ እርጥብ ጨርቅ ይከብዳል፤ ኮላው አይይዝም፣ ቫርኒሹ አይደርቅም። ባለፈው ክረምት ያስረከበው ቁም ሳጥን የተሸካሚዎቹ የእጅ አሻራ ታትሞበት ተመልሶለታል። ዘንድሮ በኤሌክትሪክ ማድረቅ አለብኝ ብሎ ቆርጧል።

ቫርኒሽ የምትቀባው ሚስቱ አየሁሽ ናት። «የሚያውቅ ሰው እናማክር» አለችው። «ባህሩ መጥቷል አሉ፤ ልጅ ሳለሁ ሳንጃ ጎረቤታችን የነበረው። የመብራት ሥራ ተምሯል።»

«ይምጣ» አለ ውባንተ፣ ብዙም ሳያስብበት።

ባህሩ ገና ከግቢው በር ላይ ሆኖ «አዩ!» ብሎ ተጣራ። አየሁሽ እጇን በሽርጧ ጠርጋ እየሮጠች ሄደችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ውባንተ መላጊያውን እንደያዘ ቆመ። ይህች ሴት እሱን ለመቀበል የሮጠችው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ። አልመጣለትም። ሰውየው ረጅም ነው፣ ጥርሱ ነጭ ነው፣ ይባስ ብሎም አላገባም።

«ጋሼ ውባንተ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ ባህሩ ጎንበስ ብሎ። «ጋሼ» የምትለዋ ቃል ራሷ አስር ዓመት የጨመረችበት መሰለው።

ባህሩ ጣሪያውን አየ፣ ቆጣሪውን አየ። ከዚያ ወደ ውባንተ ሳይሆን ወደ አየሁሽ ዞረ። «እስኪ ንገሪኝ፣ ቫርኒሹ መጀመሪያ እንቢ የሚልሽ የትኛው ጥግ ላይ ነው?»

አየሁሽ ጀመረች። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ እንደሚያልበው፣ ከሰዓት በሩ ሲከፈት ትንሽ እንደሚይዝላት፣ አመሻሽ ላይ መልሶ እንደሚያጣብቅ፣ የዋንዛ ጣውላ ከሌላው ይልቅ እንደሚያስቸግራት... አወራች፣ አወራች። ፊቷ ፈክቷል። ውባንተ ከዚህ ግማሹን እንኳ አያውቅም ነበር።

«አዳራሹን ሙሉ ማሞቅ ከንቱ ነው» አለ ባህሩ ስትጨርስ። «ሙቀቱ በቆርቆሮው ይወጣል። ደረቁ ጥግ ላይ በኮምፔንሳቶ ትንሽ ክፍል አጥሩ፤ ውስጡ ዘይት ያለው፣ የማይቀላ ማሞቂያ አንድ ይበቃል። ከላይ እርጥበቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። ያንን ዘንጉ እንደ ፍም የሚቀላውን ግን አደራ። ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ይጠብሳል፣ ከቫርኒሽ ጋርም እሳት ነው።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለች አየሁሽ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢናገረው ውባንተ እሺ ባለ ነበር። «እናያለን» አለና በማግስቱ ባጃጅ ይዞ ድንበሩ አጠገብ ወዳለው የአብዱልሀኪም ሱቅ ሄደ። መርጦ መርጦ ሦስት ትልልቅ ባለ ዘንግ ማሞቂያ አነሳ።

«ከወሰድክ ኸላስ፣ መመለስ የለም» አለው አብዱልሀኪም እየሳቀ። «በዚህ አገር ማን ይገዛኛል ደግሞ?»

አየሁሽ ማሞቂያዎቹ ተሰቅለው ስታይ ቆም አለች። «ባህሩ ያለው እኮ ይኼን አይደለም።»

«ባህሩ! ባህሩ! ቤቱ የባህሩ ነው እንዴ?»

መልስ ሳይጠብቅ ሦስቱንም ለኮሰ። ዘንጎቹ ቀሉ። ከፊታቸው የቆመው የሙሽራ አልጋ ራስጌ እንደሚፈላ ገንፎ ቡፍ ቡፍ ብሎ አረፋ አወጣ፤ ጀርባው ግን እንደነበረው ያጣብቃል። ውባንተ ሊያዞረው ሲታገል በቲነር የራሰ ጨርቅ ከጠረጴዛው ወድቆ ተቀጣጠለ። አየሁሽ ናት በእርጥብ ጆንያ ያፈነችው። የሽርጧ ጫፍ ተቃጥሏል።

ሁለቱም ውጭ የሞራሌ እንጨት ክምር ላይ ተቀመጡ። ሲያስላቸው ቆየ።

«ትወጅዋለሽ?» አለ ውባንተ ድንገት።

«ማንን?»

«ባህሩን።»

ብትስቅበት ይሻለው ነበር። አልሳቀችም። «ከባህሩ ጋር ስናወራ ምን ሰማህ?»

«ስለ ቫርኒሽ።»

«አንተስ ስለ ቫርኒሽ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ቅቢ ትለኛለህ፣ እቀባለሁ። ቶሎ በይ ትለኛለህ፣ ቶሎ እላለሁ። እሱ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ይኸው ነው።»

እወደዋለሁ ብትለው ኖሮ፣ ውባንተ ቢያንስ የሚጣላው ሰው ያገኝ ነበር።

ነገ ከነገ ወዲያ ሲል ሰነበተና ራሱ ባህሩን ፍለጋ ሄደ። ባህሩ ስለተጠበሰው ራስጌ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ይህም ውባንተን አናደደው። ክፍሉን አብረው አጠሩ። ባለ ዘይቱ ማሞቂያ ሲመጣ ባህሩ ወደ አየሁሽ ዞር ሊል ሲል ውባንተ ቀደመው።

«አየሁሽ፣ የት እናድርገው?»

ለአፍታ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ገብታ በእግሯ መሬቱን ነካች። «እዚህ። ከእንጨቱ ራቅ ይበል።»

የሙሽራው አልጋ ተፍቆ እንደገና ተቀባና በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ መስታወት ጠርቶ ደረቀ። ምሳ ሲቀርብ ውባንተ በባህሩና በአየሁሽ መሀል ገብቶ ተቀመጠ። አየሁሽ አየችውና እንጀራውን ወደ እሱ አስጠጋችለት።

ነሐሴ ላይ ባህሩ ሽንፋ ሥራ አገኘ። ውባንተ ሻንጣውን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው፣ መርቆም አሳፈረው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ባህሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ለአዩ ሰላም በሉልኝ!» ብሎ ጮኸ። ውባንተ እጁን አውለበለበ። ወደ ቤቱ ሲመለስ በጭቃው ላይ እግሩ እንደ ጎረምሳ እየቀለለው ነበር፤ አፈረበት፣ ግን አላዘገመም። ሰላምታውንም አላደረሰም።