የተገነጠለው እድራችንና የጎረቤቴ ለቅሶ

እኔን ብሎ የመብት ተከራካሪ! የራሴን ጉልበት ከሁለተኛ ፎቅ ማውረድ ያቃተኝ ሴትዮ የሰው መብት ላስከብር ተነሳሁላችሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፌ ግን ማንም ሳያስተምረው ይሠራል። መዘዙም ያው እሱ ነው።

ልደታ ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ፣ እድራችን ቤታቸው ካልፈረሰባቸው ሰዎች ጋር አንድ ነበር። እነሱ ብዙ፣ እኛ ጥቂት። "ድንኳን ኮንዶሚኒየም ግቢ አይተከልም፤ ለቅሷችሁን እኛ ጋ አምጡ" ይሉናል። ለድምፅ እጅ ሲወጣ ሁሌም ተሸናፊ ነን። ተናደድንና ተገነጠልን። ራሱን የቻለ እድር! ነጻ የወጣን ቀን ሆዴ እስኪነፋ ለስላሳ ጠጣሁ። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ሰው ነው፤ "ከእንግዲህ እዚህ አናሳ የሚባል የለም!" ብሎ አስጨበጨበን።

ወር ሳይሞላ፣ ታች ሱቅ ያላት ዶርዜ ጎረቤቴ አባቷ አገር ቤት ሞተው መርዶ መጣ። ከሕንጻው ዶርዜ እሷ ብቻ ናት። በእነሱ ወግ ለትልቅ ሰው ቁጭ ተብሎ አይለቀስም፤ ጦር ተይዞ፣ እየተዞረ፣ እየተዘለለ ነው። "አባቴን እንደ አገሩ ካላለቀስኩለት አልሸኘሁትም" ብላ እጄን ያዘች። ይዣት ስብሰባ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ደንቡን አነበበ። "ለቅሶ በድንኳን፣ ተቀምጦ፣ በጸጥታ። ዘመናዊ እድር ነን እኮ፣ እማማ።"

"የድሮው እድር ድንኳን ሲከለክለን ምን እያልክ ነበር የምትጮኸው?"

"የአናሳ መብት ተረገጠ እያልኩ ነዋ።"

"እና አሁን እግሩ የማን ነው?"

ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ግን እጅ አስወጣና ተፈቀደ፣ በጦር ፈንታ ዱላ ተይዞ። ብድሩን ሲመልስ "ሥርዓት እንዳይፈርስ እርስዎ ይጠብቁልን" አለኝ።

በቀኑ ዘመዶቿ ከሽሮ ሜዳ መጡ። እኔ ጥላዬን ይዤ ፊት ፊት ቆምኩ። መኪና የሚያስወጣውን "ቁም! መብታቸው ነው!" በረንዳ ላይ ያሉትን "ምን ታፈጣላችሁ፣ መብታቸው ነው!" ለቃሾቹ እንኳ እንደኔ አልጮኹም። በኋላ ዜማው ሞቀ፣ የእኔም ደም ሞቀ። ጥላዬን እንደ ጦር እየነቀነቅኩ መሐል ገብቼ ዘለልኩ። ነጠላዬ ወደቀ፣ አንድ ጫማዬ በረረ። ስልኩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ግቢው በሳቅ አለቀ፤ ከዘመዶቿም አፋቸውን የያዙ ነበሩ። እሷ ብቻ ዱላዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች።

ሰው ሲበተን ጫማዬን ፈልጋ አመጣችልኝ። እኔ ጅሏ፣ ልታመሰግነኝ ነው ብዬ ጉንጬን ለመሳም አሰናዳሁ።

"እማማ፣ እድሩ ቢከለክለኝ ቤቴን ዘግቼ አለቅስ ነበር" አለችኝ። "እርስዎ ግን የአባቴን ለቅሶ መሳቂያ አደረጉብኝ።"