ወደኋላ የሚሰጥ ኳስ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ጭማቂ ቤት ገብቼ አቮካዶዬን በማንኪያ እየቆፈርኩ ሳለ፣ የእንግሊዝን እግር ኳስ ሊያዩ የተሰበሰቡት ወጣቶች ሰዓቱ እስኪደርስ ሌላ ጨዋታ ተከፍቶላቸው ይሳሳቁ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ቀይና ነጭ መስመር ያለው ማሊያ የለበሱ ጃፓኖች ጎተራ ከሚያካክሉ ፈረንጆች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይገፋፋሉ፤ ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት። ራግቢ ነው። ያለወቅቱ የመጣ የጥቅምት ዝናብ ገና ማባራቱ ስለነበር የረጠበ ሣርና የጭቃ ሽታ በበሩ ገባ፤ ያ ሽታና ያቺ ኳስ አብረው ሲመጡብኝ ማንኪያዬን አስቀምጬ በሐሳብ ልጅነቴ ውስጥ ገባሁ።

በዚያን ዘመን ትምህርት ቤታችን ሞሪ የሚባል ጃፓናዊ የሒሳብ አስተማሪ መጥቶልን ነበር። ቁመቱ ከእኛ ከስድስተኛ ክፍሎች እምብዛም አይበልጥም፤ ሰላምታ በሰጠ ቁጥር ከወገቡ ስለሚጎነበስ ከተማው «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» ብሎ ወደደው፤ መውደድ ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ማጉረስ እንጂ ማዳመጥ አይደለም። የገና ዕለት ከሜዳው ዳር ቆሞ ጎረምሶቹ በቆልማማ ዱላቸው ሩሯን ሲያሳድዱ፣ ቅልጥም ለቅልጥም ሲማቱና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባባሉ ሲስቁ አይቶ ዓይኑ በራ። ትምህርት ሲከፈት ከሻንጣው ያቺን ሞላላ ኳስ አውጥቶ ይዞልን መጣ።

እኔ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ አጭር ነበርኩ። የስፖርት አስተማሪያችን ጋሽ አያልነህ፣ ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወልቅ ቀጥ ያለ ረጅም ሰው፣ የእግር ኳስ ቡድኑን በቁመት እየመረጠ ይመጣና እኔ ጋ ሲደርስ «አንተ አጭሬ፣ ልብስ ጠብቅ» ይለኛል። ስለዚህ የልጅነቴ እኩሌታ ያለፈው የሌሎችን ሹራብና ጫማ ታቅፌ ነው። ሞሪ ግን በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጥቶ ኳሷን ሰጠኝ። ሌሎቹ ተቃቅፈው ሲገፋፉ ከእግራቸው ሥር ኳሷን ፈልቅቆ የሚያወጣ፣ ለመሬት የቀረበ ሰው ያስፈልግ ነበርና ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ማታ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስገባ እናቴ ብትጮህብኝም ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጨዋታው አንድ እንግዳ ሕግ ነበረው፤ ኳስ በእጅ የሚሰጠው ወደኋላ ብቻ ነው። ከኋላህ እየሮጠ ለሚመጣው ትሰጠዋለህ፣ እሱ ይዞ ወደፊት ያልፋል፣ ሊይዙት ሲሉ እሱም ከኋላው ለሚመጣው ይሰጣል። ሞሪ በተሰባበረ አማርኛው «ጓደኛ ከኋላ አለ፤ እመን» ይለን ነበር፣ እኛ አጫጭሮቹም ቀስ በቀስ አመንን። ርዕሰ መምህሩ በወላጆች ቀን ከጋሽ አያልነህ ትልልቅ እግር ኳሰኞች ጋር በዚሁ ጨዋታ እንድንጋጠም አዘዙ፤ ጨዋታው ካማረ ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው የእኛ ይሆናል፣ ካላማረ ኳሷ መጋዘን ትገባለች።

ቀኑ ደረሰ፤ ሰኔ ነበርና ሜዳው ጨቅይቷል። ሞሪ በዳኝነት ሊያጫውት ሲነሳ፣ እንግዳ እንዴት ይለፋል ተባለና ከዳሱ ሥር፣ ከሹማምንቱ መካከል፣ ጋቢ የተነጠፈበት ወንበር ላይ ተሰየመ። የማጫወቱን ሥራ ሞሪ ሲያስተምረን አንድ ቀን እንኳ ቆሞ ያላየው ጋሽ አያልነህ ወሰደው። ኳሷን ከእግር ሥር አውጥቼ ከኋላዬ ለሚሮጠው ጓደኛዬ ስወረውር ፊሽካው ጮኸ።

«ወደኋላ የሚሰጥ ፈሪ ነው! የጎጃም ልጅ ወደፊት ነው!» አለ ጋሽ አያልነህ፣ ወላጆቻችንም አጨበጨቡለት።

ደግሜ ሰጠሁ፤ ደግሞ ነፋ። ሞሪ እጁን እያወዛወዘ ብድግ ሲል አንዱ ሹም በትከሻው፣ ሌላው በክንዱ ይዘው «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ! ይጠጡ እንጂ!» እያሉ መልሰው ያስቀምጡታል፤ ብድግ ባለ ቁጥር አንድ ለስላሳ ይከፈትለታል። ወደኋላ መስጠት ሲከለከል ትልልቆቹ ኳሷን አቅፈው እየረመረሙን አለፉ፣ የአንዱ ልጅ ጥርስ ወለቀ፣ እኔም አልታዘዝም ብለሃል ተብዬ ባንዲራው ሥር ተንበረከክሁ። ርዕሰ መምህሩ «ይኼማ የወይፈን ግጥሚያ ነው» ብለው ኳሷን አስቆለፉባት። ሞሪ ከዳሱ ሲለቁት መጥቶ ከፊቴ ቆመና ከወገቡ ጎንበስ አለልኝ፤ ለአጭሬው። ክረምቱ ሳይወጣ ወደ አገሩ ሄደ።

ንቀቴን አልደብቅም። እንግዳ አክባሪ ነን እያልን የምንኮራበት ነገር ያን ዕለት ያየሁት ከሆነ፣ ሰውየውን አብልቶ አፉን መዝጊያ ነው። ጋሽ አያልነህ ራሱ በየጠዋቱ ሰልፍ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይለን አያስገባንም ነበር። ጃፓን ያኔ በራግቢ መሳቂያ ነበረች፤ በአንድ የዓለም ዋንጫ ከመቶ በላይ ነጥብ ተቆጥሮባታል። እነሱ ግን አጭር ነን ብለው ልብስ ሲጠብቁ አልኖሩም። ኳሷን ከመሬት አንስተው ወደኋላ እየሰጡ፣ እየሮጡ፣ ደቡብ አፍሪካን የሚያህል ግዙፍ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጣሉ፤ ኋላም ዓለምን አገራቸው ጠርተው አየርላንድንና ስኮትላንድን አሸነፉ። ይህን ሁሉ በስልኬ ብቻዬን እከታተል ነበር፤ እዚህ የማወራው ሰው አልነበረኝም።

ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ በከዘራው ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመ ለወጣቶቹ ያስረዳል። ድምፁን ሰምቼ ዐወቅሁት፤ ጋሽ አያልነህ።

«ይኼን ጨዋታ ለማርቆስ ያመጣሁት እኔ ነኝ» ይላቸዋል። «አያችሁ፣ ወደኋላ ነው የሚሰጠው! እኔም ይኼንኑ ስለፈልፍ ሰሚ አጣሁ እንጂ!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልለፈው ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ያቺ ኳስ የት ደረሰች?» አልኩት።

«የምን ኳስ?» ብሎ ዞሮ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። «አሃ፣ አንተ ነህ? አንተማ ምኑን ታውቀዋለህ፤ ልብስ ጠባቂ ነበርክ።»

ወጣቶቹ ሳቁ። በዚያች ቅጽበት አንድ አጭር ጃፓናዊ ከግዙፎቹ እግር ሥር ኳሷን ፈልቅቆ ሳያይ ወደኋላ ወረወራት፤ ከኋላው ሰው ነበረ። የት እንደደረሰች ሳላይ የእግር ኳሱ ሰዓት ደረሰና ቻናሉ ተቀየረ። የእኛ ሜዳ አሁን ሱቅ በሱቅ ሆኗል፤ ከኋላዬ ይሮጥ የነበረው ጓደኛዬም የት እንደገባ አላውቅም።

አጠገቤ የነበረው ወጣት ሊወጣ ብድግ አለና ጃኬቱን ጭኔ ላይ አኖረልኝ።

«ጋሼ፣ መጣሁ፤ እቺን አንዴ ይጠብቁልኝ» አለ።