ጌዴራ የሚነሣ፣ ቤት የሚሞት ላፕቶፕ

ብምልላችሁም አታምኑኝም። የልጄ ሰርግ ተጋባዥ፣ ግማሽ ጎንደር ማለት ነው፣ ስሙ ያለው አሮጌው ላፕቶፓችን ውስጥ ነው። አዳራሹ ደግሞ ዝርዝሩን ዛሬ ካላመጣችሁ ብሎ ይዞናል። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ካልተሰካ አይሠራም። ሳሎን ሰካሁት፣ መታሁት፣ ለመንኩት፤ ዝም። እዚህ እስራኤል ከምንኖርባት ከክርያት መላኪ፣ ጌዴራ ከተማ ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ድረስ ታቅፌው ሄድኩ። ጠጋኙ ሲሰካው ወዲያው በራ። ቤት መልሼ ብሰካው ሬሳ። ደግሜ ጌዴራ ወሰድኩት፤ ደግሞ በራ።

"አባባ፣ ላፕቶፑ ቤሰደር ነው፣ ደህና ነው፤ እርስዎ ይታከሙ" አለኝ ጠጋኙ።

ተመልሼ ሰካሁት፤ አሁንም ሬሳ። ጋኔን ገብቶበታል ብዬ ቄስ ልጠራ ስነሣ፣ ሚስቴ ከሶፋው ኋላ ጎንበስ ብላ አየችና እንዲህ አለችኝ፦

"አንተ ሰውዬ፣ የሰካኸው እኮ በሰንበት ማብሪያ እንዳንነካ፣ ዓርብ ማታ ብቻ ኤሌክትሪክ ለቅቆ መብራቱን በራሱ የሚያበራው የሰንበት ሰዓት ላይ ነው። ሰንበት እስኪገባ ጠብቅ፣ ይነሣልሃል።"